እንግዳና ባላገር

አድማጮቼ፣ የዛሬው ወሬያችን ከአንኮበር ይነሣል፤ ቸኩለን አንሄድም፣ መንገዱም ለቸኮለ ሰው አይሆንም። አንኮበር ከደብረ ብርሃን ቢርቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ደጋው ድንገት አልቆ ገደሉ ሲጀምር፣ ከታች አልዩ አምባ፣ ከአልዩ አምባም ወዲያ እስከ አፋር ድረስ ቆላው ተዘርግቶ ሲታይ፣ ከዚያም ጉሙ ከሥር ተነሥቶ ያንን ሁሉ ባንድ አፍታ ሲከድነው፣ መንገደኛው ባለበት ቆሞ ይቀራል።

በዚህ በአንኮበር ተራራ ላይ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነግሠው ሳለ፣ እንግዳ ከባሕሩ ዳር ከታጁራ በግመል ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ አልዩ አምባ ደርሶ፣ ከዚያም ዳገቱን በበቅሎ ወጥቶ ይመጣ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ ከነጓዙ መጥቶ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረመው ይህንኑ መንገድ ይዞ ነው። ታዲያ በዚያ ዘመን የንጉሥ እንግዳ ቀለቡን አይገዛም፤ ደርጎ ይቆረጥለታል፤ እንጀራው፣ ጠጁ፣ ሙክቱ ካለበት ድረስ ይመጣለታል። እንግዳን ማክበር ደግ ነው። ደርጎው ከማን ጎተራ እንደሚወጣ ግን እናንተም ታውቃላችሁ። እንግዳው ይጠግባል፣ ንጉሡ ይመሰገናል፣ ባላገሩ ያዋጣል። ዛሬ የምተርክላችሁ ነገሩ ተገልብጦ እንግዳው ለባላገሩ የሚያዋጣበትን ስፍራ ነው።

ወደዚያ ስፍራ ከመሄዳችን በፊት ግን አንኮበርን እንይ፤ ከጥንቱ የነገሥታት ቤተ መንግሥት ዛሬ የቀረው ከድንጋይ ግንብ ብዙም አያልፍም፤ በዚያው ኮረብታ ላይ በምኒልክ ቤተ መንግሥት አምሳል የተሠራ ሎጅ ነበር፤ ሽቅብ በእግር ወጥቶ የሚደርስ እንግዳ ያድርበት ነበር። ወፍ ተመልካቾችም በሰላሙ ጊዜ ከሩቅ አገር ይመጣሉ፤ ከገደሉ አፋፍ የምትኖር፣ እምብዛም የማታምር የምትመስል ቡናማ ወፍ አለች፣ በ1979 እ.ኤ.አ. የሳይንስ ስም ሲወጣላት የአንኮበርን ስም ይዛ ቀረች። ለዚያች ወፍ ሲል ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚመጣ ሰው መኖሩ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ተነሡ፣ ወደ ደብረ ብርሃን እንመለስ፣ ከዚያም ወደ ጣርማበር እንውጣ፣ ከመኪናው መንገድ ዋሻ ሳንገባ ወደ ግራ እንታጠፍና በመዘዞ አድርገን ወደ መንዝ እንዝለቅ። ነፋሱ ከአጥንት ይገባል፤ ጠዋት ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ይታያል፤ የገብሱ ማሳ፣ የድንጋይ ካቡ፣ ጠጉራሙ የመንዝ በግ እያለፉ ያልፋሉ፤ ከዚያም ማሳው ያልቅና ጓሳ ይጀምራል።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ፣ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የሣር አገር ነው። ጅብራው ብቻ ብቻውን ቆሞ ይታያል፣ አስታው ከአቀበቱ ተጠግቷል፣ የቀረው ሁሉ ጓሳ ሣር ነው። መንዜ ያለዚህ ሣር እንዴት ይኖራል? ቤቱን የሚከድነው በእሱ ነው፣ ገመዱን የሚገምደው ከእሱ ነው፣ እረኛውም የሚለብሰው ጌሳ ከእሱ የተሠራ ነው። ክረምት ላይ አንዱን እረኛ ልብ ብላችሁ እዩት፦ ጌሳውን ከራሱ ጀምሮ ይደርባል፣ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ቁጢጥ ይላል፣ ዝናቡም በሣሩ ጫፍ ጫፍ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፣ ውስጡ ያለው ልጅ ግን ደረቅ ነው።

ይህን ስፍራ አስቦና ጌራ የሚባሉ አባቶች በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለግጦሽና ለክዳን ብለው ከለሉት ይባላል። ሕጉም ጽኑ ነበር። ሣሩ ሦስትም አምስትም ዓመት ይከለከላል፣ ከዚያም መድረሱ ሲታይ በበጋ ቀን ተቆርጦ ይታወጃል፣ መጀመሪያ ማጭድ ይገባል፣ ቀጥሎ ከብት ይገባል፣ ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ሁሉም ይወጣና ይዘጋል። የሚያስጠብቀውን ሹም ሕዝቡ ራሱ ይመርጣል፤ ሰርቆ ያጨደም አይማርም።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። አዋጁ ለጭሰኛው ነፃነት ነበር፣ እሱን አልክድም፤ ለጓሳ ግን ጠባቂ ማጣት ሆነ፣ ማጭዱም ከብቱም ጊዜ ሳይጠብቅ ገባ። ከዚያም የየቀበሌው ሽማግሌዎች ተመካክረው፣ ኮሚቴ አቁመው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው መልሰው ከለሉት፤ የክልሉ መንግሥትም የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አጸናላቸው።

በዚያ ሣር መካከል ምን እንደሚኖር ልንገራችሁ። ጭላዳ ዝንጀሮ በመቶ በመቶ እየሆነ ተቀምጦ ሣር ይነጫል፤ ቀይ ቀበሮም ከመካከሉ ዝግ ብሎ ይራመዳል፤ አንዱ ሌላውን አይነካም። ጓሳ ላይ ለዓመታት የተቀመጡ ተመራማሪዎች ቆጥረው በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት እንዲህ ይላል፦ ቀበሮው ከጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይቀናዋል፣ ብቻውን ሲያድን ግን ከመቶ 25 ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፣ በአገራችንም የቀረው ከ500 አይበልጥም። መንዜው ሣሩን ለጣሪያው ብሎ ሲጠብቅ ቀበሮውንም አብሮ ጠበቀ።

አሁን ወደ እንግዳው ልመልሳችሁ። ጓሳ ላይ ያለው ማደሪያ የማኅበረሰቡ ነው፤ መንገድ መሪውም፣ ጠባቂውም፣ በቅሎ ጫኙም የዚያው አገር ልጅ ነው፤ እንግዳው የሚከፍለው ገንዘብ እዚያው ይቀራል። ድሎት የለውም፤ ስንቅና የመኝታ ልብስ ይዞ መሄድ ይገባል፣ ሌሊቱም ይበርዳል። እኔ እንደማምነው እንዲህ ያለ አንድ ማደሪያ ከመቶ አልጋ ሆቴል ይልቅ ለአገር ይበጃል፤ ሣሩን እንዳይታጨድ ለሚከለክል ገበሬ መከልከሉ የሚያስገኝለት ነገር ካለ፣ ልጁም ነገ ይከለክላል።

ባለፉት ዓመታት የክልላችን ሰላም ደፍርሶ እንግዳ ከአንኮበርም ከጓሳም ርቋል፤ የጠባቂው ሥራ ግን እንግዳ ቢቀርም አይቀርም። ስለዚህ አድማጮቼ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ሂዱ። መሪ ከዚያው ቅጠሩ፣ ከበጉ ጠጉር የተሠራውን ባና ከሸማኔው እጅ ግዙ፣ ለጭላዳው ዳቦ አትወርውሩ፣ የያዛችሁትን ፕላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ፣ የመግቢያውንም ሒሳብ ሳትከራከሩ ክፈሉ።