ዘር ይስባል ወይስ ጊደሯ ትማራለች?

አበው በአንድ ወገን «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ፤ በሌላ ወገን ደግሞ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» ይላሉ። (ለጨዋ ጆሮ ይቅርታ፤ ተረቱ የአገር ነው እንጂ የእኛ አይደለም።) ሁለቱን ተረቶች ከአንድ ሰው አፍ፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን ሰምተን እናውቃለን። ተጋጩብኝ ብሎ የተጨነቀ ግን አላየንም። ጭንቀቱ የሚጀምረው ክፍል ውስጥ ነው። መምህሩ ሰሌዳውን በጠመኔ መሐል ለመሐል ይሰነጥቅና በግራ «ተፈጥሮ»፣ በቀኝ «አስተዳደግ» ብሎ ይጽፋል። ተማሪውም «ከእውቀትና ከገንዘብ የቱ ይበልጣል?» እንደሚባለው የክርክር ወግ ለሁለት ተከፍሎ ይሟገታል። ከዚያ ደወል ይደወላል፤ «ሁለቱም ያስፈልጋሉ» ተብሎ እርቅ ይወርዳል፤ ፈተና ላይ ይመጣል፤ አለቀ።

እኛ የምንለው ይህ የተሰነጠቀ ሰሌዳ ታሪክ አለው ነው። ማን እንደሰነጠቀው፣ ለምን እንደሰነጠቀው፣ ከዚያ በኋላም በስንት ሰው ሕይወት እንደተፈረደበት ሳይነገረው ክርክሩን ብቻ የተማረ ተማሪ ግማሹን ነው የተማረው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልን።)

ሁለቱን ቃላት አጣምሮ ለሳይንስ ያስረከበው የዳርዊን ዘመድ የሆነው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ነው። በ1869 ባሳተመው መጽሐፍ የታዋቂ ዳኞችን፣ የጦር አዛዦችንና የሳይንስ ሰዎችን የዘር ሐረግ ቆጠረ። ታዋቂ ሰው ታዋቂ ዘመድ አለው፤ ስለዚህ ችሎታ በደም ይወረሳል አለ። የዳኛ ልጅ ከአባቱ ደም ጋር የአባቱን ቤት፣ የአባቱን ትምህርት ቤትና የአባቱን ወዳጆችም እንደሚወርስ እምብዛም አላስጨነቀውም። በ1874 ስለ እንግሊዝ የሳይንስ ሰዎች የጻፈው መጽሐፍ «ተፈጥሮና አስተዳደግ» የሚለውን ጥንድ ርዕሱ ላይ ይዞ ወጣ። በ1883 ደግሞ «ዩጄኒክስ» የሚለውን ቃል ፈጠረ። ቃሉ በግሪክኛ አምሮ ነው እንጂ ነገሩ ሰውን እንደ ከብት መርጦ ማራባት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ገና ከጅምሩ «የቱ ይበልጣል?» ብቻ አልነበረም። «ማን ይውለድ? ማን አይውለድ?» የሚለውን በጀርባው አዝሎ ነው የመጣው።

ይህ አዝል አሜሪካ ሲደርስ ወረደ። በኒው ጀርሲ፣ ቫይንላንድ በምትባል ከተማ «አእምሮ ደካማ» የተባሉ ልጆች የሚያዙበት ተቋም ነበር። የምርምር ኃላፊው ሄንሪ ጎዳርድ በ1912 «የካሊካክ ቤተሰብ» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። ካሊካክ የፈጠራ ስም ነው፤ በግሪክኛ ጥሩና መጥፎ የሚሉትን ቃላት ማጣበቅ ነው። ታሪኩ ፊልም ይመስላል። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ አንድ የጨዋ ልጅ ወታደር ከአንዲት «አእምሮ ደካማ» የመጠጥ ቤት ሴት ወንድ ልጅ ይወልዳል። ኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ የጨዋ ልጅ ያገባል። ጎዳርድ ከመጠጥ ቤቷ ሴት 480 ዘሮች ቆጥሮ 143ቱ አእምሮ ደካማ ናቸው አለ፤ ጤነኛ ብሎ የመሰከረላቸው 46ቱን ብቻ ነው። ከሕጋዊዋ ሚስት የመጡት 496ቱ ግን ከጥቂቶች በቀር የተከበሩ ዜጎች ናቸው አለ። አንድ አባት፣ ሁለት እናት፣ ሁለት ዓይነት ዘር። ከዚህ የበለጠ ለሰሌዳ የሚመች ምን ይገኛል?

ችግሩ ቆጠራው የተሠራበት መንገድ ላይ ነው። የጎዳርድ መረጃ ሰብሳቢዎች በየቤቱ እየዞሩ በዓይን አይተው ይፈርዱ ነበር፤ በሞቱት ላይ ደግሞ በጎረቤት ወሬ። ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ መዝገብ ያገላበጡ አጥኚዎች ሌላ ጉድ አገኙ፦ የ«መጥፎው» ዘር መነሻ የተባለው ሰው ከሕጋዊ ባልና ሚስት የተወለደ ነበር። የመጠጥ ቤቷ ሴት ታሪክ ከሥሩ ውሸት ሆኖ ተገኘ። ጎዳርድ ራሱም በ1928 ከቀድሞ አቋሙ ብዙውን ትቶ ነበር፤ መጽሐፉ ግን እሱን ሳይጠብቅ ሄዷል።

የሄደው ወዴት ነው? ወደ ክፍል። በ1914 የወጣው የጆርጅ ሀንተር «ሲቪክ ባዮሎጂ» የካሊካክን ታሪክ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አስተማረ፤ እንዲህ ያሉትን ቤተሰቦችም የኅብረተሰቡ ጥገኛ ተባይ አድርጎ አቀረባቸው። (በ1925 በቴነሲ ጆን ስኮፕስ የተባለው መምህር ዝግመተ ለውጥ አስተማርክ ተብሎ የተከሰሰው በዚሁ መጽሐፍ ነው። አገር ምድሩ ስለ ዝንጀሮ ሲጨቃጨቅ፣ ስለ ሰው የተጻፈው ገጽ ክስ አልቀረበበትም።) ታሪኩ በዚህም አላበቃም። በ1955 የታተመው የሄንሪ ጋሬት የዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መማሪያ የካሊካክን ዘር በሥዕል አሳይቷል፤ የጥሩው ወገን ልጆች ጨዋ መስለው፣ የመጥፎው ወገን ልጆች ደግሞ ቀንድ አብቅለው። ቀንድ! በመማሪያ መጽሐፍ!

«ታዲያ ምን ይሁን? መጽሐፍ ነው» የሚል ካለ፣ በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካሪ በክን ጉዳይ ያየበትን ቀን እናስታውሰው። የቨርጂኒያ ግዛት ይህችን ወጣት ሴት እንዳትወልድ ሊያመክናት ፈለገ። ምክንያቱ እሷም፣ እናቷም፣ ልጇም «አእምሮ ደካማ» ናቸው የሚል ነበር፤ ሦስት ትውልድ። ልጇ ቪቪያን ስትመዘን ገና የወራት ሕፃን ነበረች፤ ምስክሯ «ልክ አትመስልም» ከማለት ያለፈ ነገር አላቀረበችም። ፍርድ ቤቱ ፈቀደ፤ ካሪ መከነች። በአሜሪካ ከ60,000 የሚበልጡ ሰዎች በእንዲህ ዓይነት ሕግ መክነዋል። ቪቪያንስ? ትምህርት ቤት ገባች፤ በ1931 ስሟ በክብር መዝገብ ላይ ሰፈረ። በማግስቱ ዓመት፣ በስምንት ዓመቷ፣ በአንጀት ሕመም ሞተች። «ሦስተኛው ትውልድ» ሰነፍ አልነበረም፤ የጠየቀው አልነበረም እንጂ መዝገቡ ይናገር ነበር።

እንግዲህ «በተፈጥሮ ማመን ክፉ፣ በአስተዳደግ ማመን ደግ» ብሎ የሚደመድም ካለ፣ እስቲ ወደ ሶቪየት ኅብረት አብሮን ይምጣ። እዚያ ደግሞ የሰሌዳው የቀኝ ወገን መንግሥት ሆነ። ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለው የግብርና ሰው ስንዴን በብርድ «አሳድጎ» ጠባዩን መለወጥ እንደሚቻል፣ ለውጡም ለዘር እንደሚተላለፍ ሰበከ። አካባቢን መለወጥ ሁሉን ይለውጣል የሚለው ስብከት ለስታሊን ጆሮ ጣፋጭ ነበር። በነሐሴ 1948 በተደረገ ጉባኤ የዘረመል ሳይንስ ተወገዘ፤ ከክፍልም ከመማሪያ መጽሐፍም ወጣ። የተመለሰው ክሩሽቾቭ በ1964 ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ነው።

ከሊሴንኮ ጋር ከተጋጩት መካከል አንዱን እኛ ኢትዮጵያውያን ልናውቀው ይገባል፤ ኒኮላይ ቫቪሎቭን። በ1927 አገራችን መጥቶ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቷል፤ በበቅሎ እየዞረ የስንዴውን፣ የገብሱን፣ የጤፉን ዘር ሰብስቧል፤ ኢትዮጵያንም ዓለም ላይ የሰብል ዝርያ መገኛ ናቸው ካላቸው ጥቂት ቦታዎች መካከል መዝግቧታል። ከየገበሬው ማሳ እፍኝ እፍኝ የሰበሰበ ሰው፣ ዘርና መሬት እንዴት እንደሚቀራረቡ ከቢሮ ሰው የተሻለ ያውቃል ብለን እንገምታለን። በ1940 ታሰረ፤ በጥር 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። ዕድሜ ልኩን ለሰው ልጅ እህል ሲሰበስብ የኖረ ሰው በረሃብ ተጎድቶ ሞተ።

ወደ ክፍላችን እንመለስ። መምህር ሆይ፣ ሰሌዳውን ከመሰንጠቅዎ በፊት ፒኬዩ የሚባለውን በሽታ ቢያነሱልንስ? ከእናትና ከአባት በሚወረስ ዘረመል የሚመጣ ነው፤ ልጁ ፕሮቲን ውስጥ ያለን አንድ ንጥረ ነገር መፍጨት ያቅተውና አእምሮው ይጎዳል። በ1950ዎቹ ሐኪሞች ያ ንጥረ ነገር የተቀነሰለት ምግብ ሰጥተው ጉዳቱን መከላከል እንደሚቻል አሳዩ። ከውልደት ጀምሮ ምግቡ ከተጠበቀለት ልጁ እንደ እኩዮቹ ይማራል። ታዲያ በሽታው ስንት እጅ ዘር ነው፣ ስንት እጅ ምግብ? ያለ ዘረመሉ አይመጣም፤ ያለ ምግቡም ጉዳት አያደርስም። ክፍልፋይ የለውም።

ወይም ሩቅ ሳንሄድ በቆጂን እናንሳ። እጅጋየሁ ዲባባ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ ገንዘቤ ዲባባ፤ ሦስት እህትማማቾች፣ ሦስቱም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያላቸው፤ ደራርቱ ቱሉም ዘመዳቸው ናት። «በደማቸው ነው!» ይላል የግራ ወገን፤ ጋልተንም ቢሆን ይህን ነበር የሚለው። ነገር ግን እህትማማቾቹ ከደሙ ሌላ አንድ ጣሪያ፣ አንድ ማዕድ፣ አንድ ከፍታ፣ አንድ መንገድ ተጋርተዋል። ስለ ኢትዮጵያ ሯጮች የተደረገ፣ በ2003 የወጣ ጥናት ማራቶን ሯጮቹ ከሌላው ሰው ይልቅ ከአርሲና ከሸዋ የመጡና ወደ ትምህርት ቤት በሩጫ ይሄዱ የነበሩ ሆነው እንደሚበዙ አሳይቷል። ይህም ቢሆን ዘር የለበትም ማለት አይደለም፤ ወደ ትምህርት ቤት የሮጠ ሁሉ ጥሩነሽ አልሆነም።

ደራርቱ በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው በ1992 ነው። ጥሩነሽ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። የሰባት ዓመት ልጅ የገዛ ዘመዷ ዓለምን ስታሸንፍ ስትሰማ የሚሰማት ነገር በየትኛው ወገን ይጻፍ? ጠመኔውን ለተማሪዎቹ ስጧቸውና እነሱ ይጻፉት።