ትዝታ በሸክላ ላይ

ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች መገኛቸው ወሎ ነው ይባላል፤ ባቲና አምባሰል የአገር ስም መሆናቸውም ለዚሁ ምስክር ነው። ሰቆጣም ከነዋግ በቀድሞው አስተዳደር ከዚሁ ጠቅላይ ግዛት ትቈጠር ነበር። ከእነዚህ አንዱ ትዝታ ኒውዮርክ ድረስ የደረሰው በሸክላ ነው።

ሸክላ ማሳተም ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ሳለ፥ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ በ1969 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) ክልከላውን ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። ዓለማየሁ የአሜሪካዊውን የጄምስ ብራውንን አዘፋፈን አጥንቶ በአማርኛ ያዜም ነበር። የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄም በቦስተን ከተማረ በኋላ ቅኝቱን ከጃዝ ጋር አዋሕዶ «የግሌ ትዝታ»ን ደረሰ።

በኒውዮርክ፥ በብሮንክስ ሰፈር ደግሞ፥ ከጃማይካ የመጣው ኩል ሄርክ በ1973 አንዱን ሸክላ በሁለት ማጫወቻ እያፈራረቀ ከበሮው ብቻ የሚሰማበትን ክፍል አስረዘመ። ከጄምስ ብራውን ሸክላዎችም ይወስድ ነበር። ሂፕ ሆፕ የሚባለው ከዚህ ተወለደ።

በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚዘርፍ ተማሪ ይነወራል፤ በዚህ ሙያ ግን መውሰዱ ጥበብ ነው፤ ነውሩ ባለቤቱን አለመጥራት ነው። በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ «አዝ ዊ ኤንተር» የተባለውን ዘፈናቸውን በ«የግሌ ትዝታ» ላይ ሲያቆሙ የሙላቱ ሥራ መሆኑ ታውቋል። በ1969 የተቀዳውን የጄምስ ብራውንን «ፈንኪ ድራመር» ከበሮ የመታው ክላይድ ስተብልፊልድ ግን፥ ምቱ በብዙ መቶ ዘፈኖች ሲደጋገም፥ በ2017 እስኪሞት ከደራሲነቱ ድርሻ አልተቈጠረለትም።