የቡና ቅጠል ጀርባ በወለጋ ምድር

ዕፅዋትን የሚመረምሩ ሊቃውንት የቅጠልን ሁለት ወገኖች ላይኛውና ታችኛው ማለትን ትተው፣ ወደ ግንዱ የዞረና ከግንዱ የራቀ ብለው መለየትን የመረጡት፣ ቅጠል ገና በእንቡጥነቱ ሳለ ኋላ ሰማይን የሚያየው ገጹ ግንዱን አቅፎ፣ ምድርን የሚያየው ጀርባው ደግሞ ወደ ውጭ ዞሮ ስለሚያድግ ነው፤ ቅርንጫፍ ሲጎብጥ ወይም ቅጠል ሲጠመዘዝ ላይና ታች ይለዋወጣሉ፣ ለግንዱ መቅረብና ከግንዱ መራቅ ግን ጸንተው ይኖራሉ። ብራና የሚፍቁ ደብተራዎች የቆዳውን የጠጉር ወገንና የሥጋ ወገን ለይተው እንደሚያውቁ ሁሉ፣ ቆጽልን የሚመረምርም ሰው ጅማቱን፣ ጸጉሩንና መተንፈሻ ቀዳዳውን አዘውትሮ የሚፈልገው በጀርባው በኩል ነው።

ከነቀምት እስከ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ያለው የቡና ታሪክ ግን እስከ ዛሬ የፍሬ ታሪክ ሆኖ ተነግሯል። ቀድሞ ለቀምት ትባል የነበረችው የነቀምት ከተማ ስሟ በውጭ አገር ነጋዴዎች ዘንድ «ሌከምፕቲ» ተብሎ የወለጋ ቡና መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ዐፄ ምኒልክ በ1902 (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ፣ በደምቢ ዶሎ ዙሪያ ያለው የሰዮ አገር ቡና ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ ወንዙ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር፤ በዚህ ሁሉ መንገድ ገዢው እጁን ወደ ጆንያው ሰዶ የሚመረምረው የፍሬውን መልክና ጠረን ነበር፤ ቅጠሉማ ከዛፉ ጋር በአገሩ ቀርቷል።

የቡና ቅጠል ገጹ ጥቁር አረንጓዴና አብረቅራቂ ሲሆን መተንፈሻ ቀዳዳ የለበትም፤ ትንፋሹ ሁሉ በጀርባው ነው። በዚያው ጀርባ የጎን ጅማቶች ከመካከለኛው ጅማት ጋር በሚጋጠሙበት ማዕዘን ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ፤ መዥገር መሰል ደቃቃ ፍጥረታትም ይጠለሉባቸዋል። የቡና ቅጠል ዋግ የተባለው የሻጋታ ደዌም ዘሩ በውሃ ጠብታ ላይ በቅሎ የሚገባው በእነዚሁ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ነውና፣ በገጹ ላይ የገረጣ ቢጫ ነጥብ ብቻ ሲታይ፣ ጀርባው ብርቱካን መሰል ዱቄት ይለብሳል፣ ቅጠሉም ያለ ጊዜው ይረግፋል። በ1869 ይህ ደዌ በሴሎን ደሴት ሲገለጥ፣ በርክሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ቄስና የሻጋታ ሊቅ ከባልንጀራው ጋር ሆኖ፣ የዘሩ አንዱ ወገን ልሙጥ ሌላው እሾሃማ መሆኑን አይቶ «ገሚሱ ልሙጥ» የሚል የጽርእ ስም፣ ከኋላውም «አውዳሚ» የሚል የላቲን ቅጽል ሰጠው፤ ቅጽሉም ሐሰት አልሆነም። ማርሻል ዋርድ የተባለው ወጣት መርማሪ በ1880 ወደ ደሴቲቱ ሄዶ፣ ዘሩ በነፋስ እንደሚዛመትና አንድ ወጥ ሆኖ የተተከለው ሰፊ እርሻ መንገድ እንደጠረገለት ቢያስረዳም፣ ባለ እርሻዎቹ ቡናቸውን እየነቀሉ ወደ ሻይ ዞሩ።

የዕፅዋት ሰያሚው ሊኔዎስ በ1753 ቡናን ዐረባዊ ብሎ ቢሰይመውም (ስሙ ዛሬም አልታረመም) የትውልዱ አገር ኢትዮጵያ ናት፤ በአገራችንም ዋጉ እንዳለ በ1934 ቢመዘገብም፣ የሴሎንን የመሰለ ጥፋት አላመጣም። ምክንያቱን እኔ የማየው በአንድ ዛፍ ብርታት ሳይሆን በብዙዎች አለመመሳሰል ነው፤ በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር የበቀለው የጫካና የጓሮ ቡና በዘሩ የተለያየ በመሆኑ፣ ደዌው አንዱን ሲያገኝ ሌላውን ይስታል፤ ደግሞም በደቡብ ምዕራብ የቡና ደኖች ዋጉን ራሱን የሚበላ ነጭ ሻጋታ በዚያው በቅጠሉ ጀርባ ይኖራል።

በ1971 ሲቢዲ የሚባለው የፍሬ በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ፣ የሰው ሁሉ ዓይን እንደገና ወደ ፍሬው ተመለሰ፤ በጅማ በመልኮ ጣቢያ፣ በኋላም በጊምቢ አጠገብ ባለው በሐሩ፣ በሽታውን የሚችሉ እናት ዛፎች እየተመረጡ ዘራቸው ተባዛ። ይሁን እንጂ የፍሬውን ደዌ የሚችል ዛፍ የቅጠሉንም ይችላል ማለት አይደለምና፣ ዘለላው የዳነለትን ቡና ቅጠሉን ገልብጦ ለብቻው መፈተን ግድ ሆነ።