ከአቢሲንያ ባንክ እስከ ንግድ ባንክ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የንግድ ማኅበር እንዴት ይለወጣሉ?

የአንድ መሥሪያ ቤት አቋም ሲለወጥ፣ ለውጡን ማን ይፈቅዳል የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። በንግድ ማኅበር ፈቃዱ የባለአክሲዮኖች ነው፤ በመንግሥት ዘንድ የአዋጅ ነው። የሀገራችን ባንክ በሁለቱም መንገድ ስለ ሄደ፣ ልዩነቱን በእርሱ ታሪክ መመርመር ይሻላል።

በ1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተከፈተው የአቢሲንያ ባንክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋራ የተያያዘ የአክሲዮን ማኅበር ነበር። በውሉ መሠረት ለ50 ዓመት የባንክ ሥራ ለእርሱ ብቻ ተፈቅዶለታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሀገር ባንክ ለማቋቋም ባሰቡ ጊዜ ከዚህ ውል ግማሹ ያህል ይቀር ነበር። ስለዚህ አዋጅ ብቻውን አልበቃም፤ ለባለአክሲዮኖቹ ካሣ ተከፍሎ ማኅበሩ ፈረሰ፤ በነሐሴ 1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ሕንፃውና ሠራተኛው፣ የባንኩ ገዥ ሚስተር ኮሊየር ሳይቀሩ፣ ወደ አዲሱ ባንክ ተላለፉ። ገንዘብ ሊያወጣ ለሚመጣ ደንበኛ ከስሙ በቀር ብዙ የተለወጠ ነገር አልነበረም። የተለወጠው ባንኩ ለማን እንደሚታዘዝ ነው፤ ይህም በገንዘብ የተገዛ ለውጥ ነበር።

ይህን ባንክ የጣሊያን ወረራ አፈረሰው። ከነፃነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ግን የማንንም ባለአክሲዮን ፈቃድ ሳይጠይቅ በአዋጅ የተወለደ ነው። ሥራው ድርብ ነበር። በአንድ ወገን በ1937 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያ ብር ይጠብቃል፤ በሌላ ወገን ለነጋዴ ያበድራል። ለነጋዴ የሚያበድር ሰው ብድሩ ቢበዛለት ይወዳል፤ የብርን ዋጋ የሚጠብቅ ደግሞ ብድር ሲበዛ ይሠጋል። ሁለቱ አሳብ በአንድ ጣራ ሥር ሲኖር፣ የሚቆጣጠረውና ቁጥጥር የሚደረግበት አንድ ሆነ ማለት ነው።

በ1955 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ይህን ለየ። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ ገንዘብን መጠበቅና ባንኮችን መቆጣጠር ያዘ፤ የማበደሩ ሥራ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሄደ። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ንግድ ባንክ በ20 ሚሊዮን ብር ካፒታል አክሲዮን ማኅበር ሆኖ ተቋቋመ፤ አክሲዮኑ ግን የመንግሥት ነበር። እንግዲህ የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ቢጠራ መንግሥት ከራሱ ጋራ ይመክራል እንጂ፣ ገንዘቤ ጠፋ ብሎ የሚቆጣ ባለቤት አይገኝበትም። ሆኖም ቅርጹ ከንቱ ነበር አልልም። ማኅበር በመሆኑ ትርፍና ኪሣራውን ለብቻው በመዝገብ ማሳየት ተገባው፤ በዚያው ዘመን የግል የሆነው የአዲስ አበባ ባንክ ስለ ተነሣ ደግሞ የሚወዳደረው አገኘ። በእኔ አስተያየት የመሥሪያ ቤቱን ጠባይ የሚለውጠው ተወዳዳሪ መኖሩ እንጂ የወረቀት ስሙ አይደለም።

ተወዳዳሪው ብዙ አልቆየም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ የግል ባንኮችን በአዋጅ ወረሰ። በ1923 ካሣው ከፍርሰቱ ጋራ ሲሄድ፣ በ1967 ግን አዋጁ ቀደመ፤ የባለአክሲዮኖቹም ፈቃድ አልተጠየቀም። የግል ባንክ እንደ ገና የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው፤ አዋሽ ባንክም በ1987 ዓ.ም. ተቋቋመ።