ዛክሰንሽፒገል፦ የመሬት ይዞታና ጭሰኞች

ዛክሰንሽፒገል («የሳክሶኖች መስታወት») እ.ኤ.አ. ከ1220 እስከ 1235 ባሉት ዓመታት ገደማ በምሥራቅ ሳክሶኒ የተጻፈ የሕግ መጽሐፍ ነው። አካባቢው ዛሬ በጀርመን የዛክሰን-አንሃልት ክፍለ ሀገር ነው። ጸሐፊው አይከ ፎን ሬፕጎው ሲሆን፣ መጀመሪያ በሮማይስጥ ጽፎት በኋላ በፋልከንሽታይኑ ገዥ በሆየር ጥያቄ ወደ ታችኛ ጀርመንኛ መለሰው። መጽሐፉ አዲስ ሕግ አላወጣም፤ ከዚያ በፊት በቃል ይተላለፍ የነበረውን የአገር ልማድ መዘገበ እንጂ። ሁለት ክፍሎች አሉት፦ የአገር ሕግና የሌን ሕግ።

ባለ ሌኖች

«ሌን» ጌታ ለተከታዩ በታማኝነትና በጦር አገልግሎት ምትክ የሚሰጠው መሬት ነው። ይህም አንድ ሰው በራሱ ርስትነት ከያዘው መሬት ይለያል። የሌን ሕግ ሰዎችን በሰባት «ጋሻዎች» ይደለድላል። አንደኛው የንጉሡ፣ ሁለተኛው የጳጳሳትና የገዳማት አለቆች፣ ሦስተኛው የመሳፍንት ነው፤ የቀሩት ከእነርሱ በታች ይከተላሉ። ሰባተኛው ጋሻ የሌን መብት ይኑረው አይኑረው አይከ ራሱ ቁርጡን አልተናገረም።

ባለ ሌን በጦርነት ጊዜ በራሱ ስንቅ 6 ሳምንት ያገለግላል። ሲሞት ልጁ በአንድ ዓመት ከ6 ሳምንት ውስጥ ጌታው ፊት ቀርቦ ሌኑ እንዲታደስለት መጠየቅ አለበት። ገበሬዎችና ነጋዴዎች ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው።

ጭሰኞች

መሬቱን የሚያርሰው ጭሰኛ የሚተዳደረው በአገር ሕግ ነበር። በቀኑ ኪራዩን ያልከፈለ በማግስቱ እጥፍ ይከፍላል፤ ጌታውም ያለ ዳኛ ፈቃድ ንብረቱን በመያዣነት ሊወስድ ይችላል።

ሕጉ ግን ጌታውንም ያስረዋል። ከመሬቱ ጋር በትውልድ ያልተሳሰረን ጭሰኛ ማስነሣት የፈለገ ጌታ ፌብሩዋሪ 2 ቀን በሚውለው በዓል አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት። ጭሰኛውም መልቀቅ ቢፈልግ ግዴታው ያው ነው። ጭሰኛው ቢሞት ወራሹ በቦታው ገብቶ ኪራዩን ይከፍላል። ጫካ መንጥረው አዲስ መንደር ለሚያቀኑ ገበሬዎች ደግሞ ጌታው በውርስ የሚተላለፍ ይዞታ ሊሰጣቸው ይችላል።

ስለ ባርነት

«ላተን» የሚባሉት ከመሬቱ ጋር የታሰሩ ገበሬዎች ነበሩ። አይከ እንደሚተርከው፣ ሳክሶኖች የቱሪንጊያን ጌቶች ገድለውና አባርረው ገበሬዎቹን በመሬታቸው ላይ ተዉአቸው፤ የላተን ደንብም ከዚያ መጣ። ሰው በእግዚአብሔር አምሳል ስለ ተፈጠረ የሌላ ሰው ንብረት ሊሆን አይገባም ሲል ይከራከራል። ባርነት የመነጨው ከግዳጅ፣ ከምርኮና ከግፍ ሥልጣን ነው፤ ልማዱ ስለ ቆየ ብቻ እንደ መብት ተቆጠረ ይላል። ይሁንና መጽሐፉ የአገሩን ልማድ የሚመዘግብ ስለሆነ የላተንን ደንብ አልሻረም።

ተጽዕኖ

በ1374 ጳጳስ ግሬጎሪ 11ኛ የመጽሐፉን 14 አንቀጾች አወገዙ። ሆኖም መጽሐፉ በፕሩሲያ እስከ 1794፣ በሳክሶኒ እስከ 1865፣ በአንዳንድ የጀርመን ግዛቶችም እስከ 1900 ድረስ በሥራ ላይ ቆየ። በሥዕል ያጌጡ አራት የእጅ ጽሑፎቹ ዛሬም አሉ፤ በሃይደልበርግ፣ በኦልደንቡርግ፣ በድሬስደንና በቮልፈንቡተል ስም ይታወቃሉ።