የውስጥ መቀነት፤ ስለ ወገብና ስለ ሆድ ጡንቻ አጭር ታሪክ

በአገራችን ሰው ከባድ ሥራ ለመጀመር ሲነሣ «ወገብህን ጠበቅ አድርግ» ይባላል። እናቶቻችን ውሃ ሊቀዱ ወይም እንጨት ሊሸከሙ ሲነሡ አስቀድመው መቀነታቸውን ያጠብቃሉ፤ ገበሬውም ወገቡን ሳይታጠቅ እርፍ አይጨብጥም። ከዚህ እንደምንረዳው የሰው ኃይል መሠረቱ ወገቡ መሆኑን አባቶቻችንና እናቶቻችን ሐኪም ሳይነግራቸው ያውቁት ነበር። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልንናገር የፈለግነው ከውጭ ስለሚታሰረው መቀነት ሳይሆን፣ ፈጣሪ በሥጋችን ውስጥ ስላበጀልን መቀነት፣ ይኸውም ስለ ሆድና ስለ ጀርባ ጡንቻ ነው። ይህ የውስጥ መቀነት ሲላላ አንድ ታላቅ ሕዝብ በልጆቹ ላይ ጉድለቱን አይቶ እንዴት እንደ ደነገጠ ታሪኩን በአጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።

ሰውነትን በሥርዓት ስለ ማሠልጠን ሲነገር ስሙ ከሚነሣው መካከል አንዱ ስዊድናዊው ፐር ሄንሪክ ሊንግ ነው። ይህ ሰው በ1813 በስቶክሆልም ከተማ የጅምናስቲክ መምህራን ማሠልጠኛ አቋቋመ። ጅምናስቲክንም በአራት ከፈለው፤ አንደኛው ለትምህርት፣ ሁለተኛው ለጦር፣ ሦስተኛው ለሕክምና፣ አራተኛው ለውበት የሚሆን ነው። አንባቢ ይህን አከፋፈል በልቡ ቢይዝልን ደስ ይለናል፤ ምክንያቱም ለሕክምና የታሰበው ነገር ለጦር ሲፈለግ ዓላማው እንዴት እንደሚለወጥ ከዚህ በታች እናያለንና።

ዶክተር ሐንስ ክራውስ በ1905 በትሪዬስተ የተወለደ፣ ተራራ መውጣት እጅግ የሚወድ ሐኪም ነበር። በ1938 ወደ አሜሪካ ሄዶ በኒው ዮርክ ከተማ ሥራውን ቀጠለ። በዚያም ከዶክተር ሶንያ ዌበር ጋር ሆኖ «ወገቤን» እያሉ የሚመጡትን በሽተኞች ይመረምር ጀመር። በምርመራውም ከአብዛኞቹ በሽተኞች አጥንት ላይ ስብራትም ሆነ ሌላ በሽታ አልተገኘም። የተገኘው ጉድለት የሆድና የጀርባ ጡንቻ መድከም፣ ወይም ከሥራ ማጣት የተነሣ መኮማተር ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ሐኪሞች ይህን ጉድለት የሚያሳዩ 6 ቀላል ፈተናዎች አዘጋጁ።

የመጀመሪያው ፈተና በጀርባ ተኝቶ፣ እጅን ከማጅራት ላይ አድርጎ፣ ሌላ ሰው እግርን ይዞ ሳለ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥቶ መቀመጥ ነው። ሁለተኛው ይህንኑ ጉልበትን አጥፎ ማድረግ ነው። ሦስተኛው በጀርባ ተኝቶ ሁለቱን እግር ሳያጥፉ ከመሬት 25 ሴንቲ ሜትር ያህል አንሥቶ 10 ሴኮንድ መቆየት ነው። አራተኛው ከሆድ በታች ትራስ አድርጎ በደረት ተኝቶ፣ እግር ተይዞ፣ ራስንና ደረትን አቅንቶ 10 ሴኮንድ መቆየት ነው። አምስተኛው እንደዚሁ ተኝቶ ደረት ተይዞ እግርን ማንሣት ነው። ስድስተኛው ጫማ አውልቆ፣ እግርን ገጥሞ ቆሞ፣ ጉልበትን ሳያጥፉ ጎንበስ ብሎ በጣት መሬት መንካት ነው። ከስድስቱ በአንዱ እንኳ የወደቀ በሁሉም እንደ ወደቀ ይቈጠር ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህ የጀግና ፈተና አይደለም፤ ጤናማ ሕፃን ሊያልፈው የሚገባ ነው።

ዶክተር ክራውስና አብራው የሠራችው ቦኒ ፕሩደን ይህንን ፈተና ይዘው ወደ ትምህርት ቤቶች ገቡ። ከ4,000 በላይ የአሜሪካ ልጆችን፣ ደግሞም በኢጣልያ፣ በኦስትሪያና በስዊስ ብዙ ልጆችን ፈተኑ። ውጤቱ በ1954 ታትሞ ወጣ። ከአውሮፓ ልጆች የወደቁት 8.7 ከመቶ ሲሆኑ፣ ከአሜሪካ ልጆች ግን የወደቁት 57.9 ከመቶ ሆኑ። ጦርነት ካለፈባቸው አገሮች ልጆች ይልቅ ወተትና ሥጋ የጠገቡት ወደቁ ማለት ነው። ክራውስ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ አሜሪካዊው ልጅ በመኪና ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ፎቅ በአሳንሰር ይወጣል፣ ማታም ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል፤ የአውሮፓው ልጅ ግን በእግሩ ይሄዳል የሚል ነበር።

ወሬው ከቤተ መንግሥት ደረሰ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1955 ሁለቱን ተመራማሪዎች ጠርተው ሰሙ፤ በ1956ም የወጣቶችን ሰውነት ማጎልመስ የሚከታተል ምክር ቤት አቋቋሙ። ነገር ግን ዘመኑ አሜሪካ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የምትፋጠጥበት ስለ ነበር፣ ብዙዎች ያሰቡት ስለ ልጆቹ ወገብ ሳይሆን ነገ ስለሚያስፈልገው ወታደር ነበር። በኋላ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋውም ፈተና የክራውስ አልሆነም፤ በአመዛኙ በሩጫ፣ በዝላይና በኳስ ውርወራ የሚያወዳድር ሆነ። ውድድር መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም ውድድር አንደኛ የሚወጣውን ሲያከብር ደካማውን ልጅ ከዳር ያስቀምጠዋል። የክራውስ ፈተና ግን የተሠራው ደካማው ተለይቶ እንዲረዳ ነው። በሊንግ አከፋፈል ለሕክምና የሆነው ለጦር ሲፈለግ ዓላማው ተለወጠ ያልነው ይህ ነው።

ለእውነት እንድንቆም፣ ፈተናው ራሱ ነቀፌታ ነበረበት። ከወደቁት ብዙዎቹ የወደቁት ጎንበስ ብሎ መሬት በመንካት ነበርና፣ ይህ የሚያሳየው የጡንቻን መተጣጠፍ እንጂ ጉልበትን አይደለም የሚሉ ሊቃውንት ተነሡ። እግርን ዘርግቶ እየተነሡ መቀመጥን እንደ ዘወትር ልምምድ መደጋገምም ወገብን ስለሚጎዳ ዛሬ አይመከርም። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት እንኳ ይህን ዐይነቱን ልምምድ ከፈተናው አውጥቶ፣ በ2022 በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን እንደ ሳንቃ አቅንቶ መቆየትን በቦታው አደረገ።

ከፕሬዚዳንቶች ሁሉ ይህ ነገር የነካው ጆን ኬኔዲን ነው። ኬኔዲ በ1960 መጨረሻ የሕዝቡን መልፈስፈስ የሚወቅስ ጽሑፍ በመጽሔት ሲያወጣ፣ ራሱ በወገብ ሕመም የሚሠቃይ፣ አራት ጊዜም ጀርባውን በቀዶ ሕክምና የታከመ ሰው ነበር። በ1961 ዶክተር ክራውስን አስጠራ፤ ሐኪሙም በቀዶ ሕክምና ሳይሆን በሳምንት ሦስት ቀን በሚደረግ ልምምድ ያክመው ጀመር፣ ሕመምተኛውም ተሻለው። ይሁን እንጂ የወገብ መደገፊያ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው አልተወም፤ በኖቬምበር 22 ቀን 1963 በተገደለ ጊዜ ታጥቆት ነበር። የዓለም ሀብትና ሥልጣን የውጭውን ቀበቶ ሊገዛ ይችላል፤ የውስጡን ግን በየቀኑ በትዕግሥት ከመሥራት በቀር በሌላ ማግኘት አልተቻለም።

ከዚህ ወደ ራሳችን ጀግና እንመለስ። ሻምበል አበበ ቢቂላን ያሠለጠነው ኦኒ ኒስካነን ከሊንግ አገር ከስዊድን የመጣ መምህር ነበር። አበበ በኦክቶበር 21 ቀን 1964 በቶኪዮ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ አንደኛ ሲወጣ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና 6 ሳምንት አልሞላውም ነበር። ሌሎች ሯጮች ደክመው ሲወድቁ እርሱ በሜዳው ሣር ላይ በጀርባው ተኝቶ እግሩን እያነሣ፣ ቆሞም እየጎነበሰ ጅምናስቲክ ሲሠራ ተመልካች ሁሉ ተደነቀ። በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፤ በ1970 ግን በእንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ተካፈለ። ስለዚህ የወገብ ጽናት የምንኮራበት፣ ጎባጣውንም የምንንቅበት ነገር እንዳልሆነ፣ በተሰጠን አካል ሁሉ እንድንሠራ የተሰጠን አደራ መሆኑን ከእርሱ እንማራለን።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ነገሩ እኛንም ይመለከታል። ወላጆቻችን ወገባቸውን ያጸኑት በእርሻ፣ በመንገድና በወፍጮ ነበር፤ እኛ ግን 12 ዓመት በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን በደብተር ላይ ጎብጠናል። እነርሱ ያለ ጅምናስቲክ ያገኙትን እኛ አስበን ካልሠራነው አናገኘውም። ለዚህም ገንዘብ አያስፈልግም። በየሰዓቱ ከመቀመጫ ተነሥቶ መንጠራራት፣ በእግር መሄድ፣ ሸክም ሲያነሡ ጉልበትን አጥፎ ዕቃውን ወደ ሰውነት ማስጠጋት፣ ማለዳም በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ ዳሌን ከፍ ማድረግ፣ ቀጥሎ እንደ ሳንቃ ቀንቶ ለጥቂት ሴኮንድ መቆየት ይበቃል። ሆድን ብቻ በማሠራት የሆድ ስብ ይጠፋል ማለት ግን ከንቱ ተስፋ ነው። ወገቡን ያመመውም ሰው ብዙ ቀን ከመተኛት ይልቅ ቀስ እያለ ቢንቀሳቀስ እንደሚሻለው ሐኪሞች ዛሬ ይመክራሉ፤ ሕመሙ ከውድቀት በኋላ የመጣ ከሆነ፣ ወይም ትኩሳትና የእግር መዛል ካለበት ግን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ።

መምህሮቻችንንም በትሕትና የምንለምነው አንድ ነገር አለን። የጅምናስቲክ ሰዓት ፈጣኖቹ የሚጨበጨብላቸው፣ ደካሞቹ ልብስ ጠባቂ የሚሆኑበት ሰዓት እንዳይሆን ነው። ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ መቅደስ መሆኑን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ተምረናል፤ መቅደስ ደግሞ የሚጠበቀው የሯጩም የደካማውም ነው። ትምህርት ቤታችን ይህን በዓሉን ሲያከብር፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ታናናሾቻችን በአእምሮም በወገብም የጸኑ እንዲሆኑ እንመኛለን።