የመኪና ቁልፍ፤ ከማኒቬላ እስከ ቺፕ

የመኪና ቁልፍ ዛሬ ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል፦ ሞተሩን ያስነሣል፤ አስነሺው ባለመብት መሆኑንም ይመሰክራል። መኪና ሲጀመር ግን ይህ ቁልፍ አልነበረውም። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ አምጥቶ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ያቀረባት ሲዴሌይ፣ እንደ ዘመኗ መኪኖች ሁሉ፣ የምትነሣው በክንድ ጉልበት በሚዞር ማኒቬላ ነበር። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታ ብረቱ የሰው ክንድ እስከ መስበር ይደርሳል። ከሌባ የሚጠብቃት መሣሪያ አልነበራትም፤ አያስፈልጋትምም ነበር። በአገሩ መንዳት የሚችል ሰው በጣት የሚቆጠር ነበርና።

የክንዱን አደጋ ያስቀረው አሜሪካዊው ቻርለስ ኬተሪንግ ነው። የፈለሰፈው የኤሌክትሪክ ማስነሻ፣ በኢትዮጵያ ጋራዦች ሞተሪኖ የሚባለው፣ በ1912 እ.ኤ.አ. የካዲላክ ሞዴል ላይ ተገጠመ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ቁልፍ ኤሌክትሪኩን ብቻ ይከፍት ነበር፤ ሞተሪኖው የሚታዘዘው ለብቻው በሚጫን ነገር ወይም በእግር ነው። ሁለቱን በአንድ ቁልፍ ዙር ያጋጠመው የ1949 እ.ኤ.አ. የክራይስለር ሞዴል ነው። በምዕራብ ጀርመን ደግሞ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሪን የሚቆልፍ መሣሪያ በሕግ ግዴታ ሆነ። ብረቱ በብረት የተጠበቀበት ዘመን በዚህ ተሟላ ማለት ይቻላል።

ያ የብረት ዘመን በኢትዮጵያ ረጅም ዕድሜ አግኝቷል። ከጅማ ወዲያ ወደ ቦንጋ፣ ወደ ሚዛን ተፈሪና አማን፣ ወደ ቴፒ የሚወስደው የቡና አገር መንገድ ጭቃና ዳገት የበዛበት ስለነበር፣ የሚመረጠው መኪና ቀላልና በመንገድ ላይ የሚጠገን ነው። የድሮው ላንድሮቨር ባትሪው ቢደክም በማኒቬላ፣ ቁልቁለት ቢያገኝ በስፒንታ ይነሣል። ቁልፉ ቢጠፋም ሽቦውን የሚያውቅ መካኒክ በደቂቃዎች ያስነሣዋል። በደርግ ዘመን የገቡት ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲዎች እንዲሁ ናቸው። ቁልፍ ማስቀረጽ ቀላል ጉዳይ ነበር፤ ቀራጩ የብረቱን ጥርስ አይቶ ያወጣዋል፣ ባለመኪናው ተቀብሎ ይሄዳል። ቀላልነቱ ግን ለሌባም ቀላል መሆን ነበር።

ወደ ኤሌክትሮኒክ ጥበቃ ካሻገሩት ቀደምት እርምጃዎች አንዱ የጄኔራል ሞተርስ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. በኩባንያው የኮርቬት መኪና ቁልፍ ላይ አንዲት ትንሽ ሬዚስተር ተተከለች። መኪናው የሬዚስተሯን መጠን ለክቶ የራሱ ካልሆነች ሞተሩ እንዳይነሣ ያደርጋል። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ አፈጻጸሙ ደካማ። ያሉት መጠኖች 15 ብቻ ስለነበሩ መሣሪያ የያዘ ሰው ሁሉንም ሞክሮ ሊደርስበት ይችላል።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ትራንስፖንደር በሚባለው ቺፕ ነው። የጣት ጥፍር የማያህል ይህ ቺፕ በቁልፉ ፕላስቲክ እጀታ ውስጥ ይቀበራል፤ ባትሪ የለውም። በቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመ የሽቦ ቀለበት በ125 ወይም በ134 ኪሎኸርዝ ገደማ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ቺፑ ከዚያው መስክ ኃይል ወስዶ ቁጥሩን ይመልሳል። የመኪናው ኮምፒዩተር ቁጥሩን ከመዘገባቸው ጋር ያስተያያል። ከተስማማ ነዳጁና እሳቱ ይለቀቃል። ካልተስማማ ግን ሞተሩ ወይ ጭራሽ አይዞርም፣ ወይ ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል፤ በሾፌሩ ፊትም የጥበቃ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ይህ የሞተር ማገጃ ሥርዓት ኢሞቢላይዘር ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ቺፖች አንድ የማይለወጥ ቁጥር ብቻ ይናገሩ ነበር። ተከታዮቹ ግን መኪናው በየጊዜው አዲስ ጥያቄ ሲልክ በውስጣቸው ባለ ምስጢር አስልተው መልስ ይሰጣሉ፤ ትናንት የተሰማ መልስ ዛሬ አይጠቅምም።

በሚዛንና በቴፒ ይህ አሠራር አንድ ተግባራዊ ትርጉም አለው። ዝናብና ርጥበት በሚበዛበት አገር ቶሎ የሚጎዳው በር የሚከፍተው ሪሞት ነው፤ የባትሪው መነካኪያ ይዝጋል፣ ቁልፉ ውኃ ያስገባል። ሪሞቱ አልሠራ ሲል ብዙ ሰው ቁልፉ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ሞተር የሚያስነሣው ቺፕ ግን የታሸገና ባትሪ የማይፈልግ ስለሆነ፣ በአብዛኛው ደህና ነው፤ በሩን በብረቱ ከፍቶ ማስነሣት ይቻላል። ቁልፍ በማዞር ፋንታ ማስነሻ በመጫን በሚነሡት መኪኖችም ባትሪው ያለቀ ቁልፍ ከማስነሻው ጋር ሲጠጋ ሞተሩ የሚነሣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቺፑን ያስፋፋው የአውሮፓ ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ከጥቅምት 1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ አዲስ የቤት መኪና ኢሞቢላይዘር እንዲኖረው ግድ ሆነ። አውስትራሊያ በ2001፣ ካናዳ በ2007 እ.ኤ.አ. ተከተሉ። አሜሪካ ግን ግዴታ አላደረገችውም። በኔዘርላንድስ የተደረገ የኢኮኖሚ ጥናት ሕጉ የመኪና ስርቆትን በጠቅላላው ወደ 40 በመቶ እንደቀነሰ አስልቷል። ይህን ያህል ውጤት ያስገኘ የመኪና ጥበቃ ሕግ ጥቂት ነው።

የአገሮቹ ልዩነት በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ይታያል። ያገለገሉ መኪኖች ከአውሮፓም፣ ከዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮችም፣ ከሌላም ስለሚገቡ፣ በስም አንድ የሆኑ ሁለት መኪኖች በቁልፍ ሊለያዩ ይችላሉ። ከአውሮፓ የመጣ ያሪስ ቺፕ ይኖረዋል፤ ለሌላ ገበያ የተሠራ ተመሳሳይ ቶዮታ ግን ላይኖረው ይችላል። አማን ውስጥ ሰው የሚያመላልሱት ባጃጆችና ቡና የሚጭኑት የቆዩ አይሱዙዎች በአብዛኛው ከቺፑ ጣጣ ውጭ ናቸው። የቤት መኪና የገዛ ነጋዴ፣ መምህር ወይም ሐኪም ግን ሳያውቀው ወደ ቺፕ ዘመን ገብቷል።

ጣጣው የሚገለጠው ቁልፍ ሲጠፋ ነው። ብረቱን ማስቀረጽ ግማሽ ሥራ ነው፤ የተቀረጸው ቁልፍ በሩን ይከፍታል፣ ሞተሩን ግን አያስነሣም። አዲሱ ቺፕ በመኪናው ኮምፒዩተር መመዝገብ አለበት፤ ይህ ነው ቁልፍ ፕሮግራም ማድረግ የሚባለው። አንድ የተመዘገበ ቁልፍ በእጅ ካለ ሥራው ቀላል ነው። ባለሙያው መሣሪያውን ከመኪናው የምርመራ ሶኬት ጋር ያገናኝና አዲሱን ያስመዘግባል፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ቺፑን ገልብጦ ማባዛትም ይቻላል። ቁልፎቹ ሁሉ ከጠፉ ግን ኮምፒዩተሩ የቀድሞውን መዝገብ እንዲረሳ ማድረግ፣ አንዳንዴም ሳጥኑን ፈትቶ የትውስታ ቺፑን ማንበብ ያስፈልጋል። ይህ የጥንቃቄ ሥራ ነው። በደካማ ባትሪ ወይም በተሳሳተ መሣሪያ መሐል ላይ ከተቋረጠ ኮምፒዩተሩን ሊያበላሽ ይችላል። ልምድ ያለው ባለሙያ በቀላሉ የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ነው፤ አማን ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የማይነሣ መኪናም ራሱን ወደ ባለሙያ አይወስድም።

የፋብሪካዎቹ አሠራር ችግሩን ያባባሰበት ጊዜ አለ። ፊያት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለመኪኖቹ ሌሎች ቁልፎችን ለማስመዝገብ ብቻ የሚያገለግል ቀይ ዋና ቁልፍ ይሰጥ ነበር። ቀዩ ከጠፋ አዲስ ቁልፍ ማስገባት የኮምፒዩተር ሳጥን መለወጥን ሊጠይቅ ይችላል። ከእጅ ወደ እጅ በተላለፉ መኪኖች ቀዩ ቁልፍ ብዙ ጊዜ በመንገድ ቀርቷል። በብዙ ቶዮታዎችም ጥቁር እጀታ ያለው ዋና ቁልፍ ሲሆን፣ ግራጫው ተጨማሪ ነው፤ ሞተር ያስነሣል እንጂ አዲስ ቁልፍ ለማስመዝገብ አያገለግልም። ግራጫውን ብቻ ተቀብሎ መኪና የገዛ ሰው ያልተሟላ ንብረት ገዝቷል።

ጥበቃው ለሕጋዊ ባለቤትም እንቅፋት የሆነበት ሌላ መስክ ከሩቅ የሚያስነሣ መሣሪያ ነው። ይህ ለሚዛን አየር የታሰበ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው እንደ ሚኒያፖሊስና ኤድመንተን ባሉ ከተሞች ክረምቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ባለመኪናው ከቤቱ ሳይወጣ ሞተሩን አስነሥቶ ማሞቅ ይፈልጋል። ቁልፉ ግን ኪሱ ውስጥ ነው፤ ቺፑን ያላየ ኮምፒዩተር ደግሞ ሞተሩን ያጠፋዋል። የመጀመሪያው መፍትሔ አንድ የተመዘገበ ቁልፍ ከመሪው ሥር በትንሽ ሣጥን መደበቅና፣ ከሩቅ ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ ቁጥሩን ወደ ማስገቢያው ቀለበት የሚያደርስ ሽቦ መዘርጋት ነበር። ኋላ የመጡት መሣሪያዎች የተደበቀ ቁልፍ አይፈልጉም፤ በባለቤቱ ቁልፍ ከመኪናው ጋር አንድ ጊዜ ከተዋወቁ በኋላ በራሳቸው መልስ ይሰጣሉ። የተደበቀው ቁልፍ መኪናውን ፈልፍሎ ለሚፈትሽ ሌባ ስጦታ ስለሆነ፣ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል። በኢትዮጵያ አንዳንድ ባለመኪኖች የሚያስገጥሟቸው ከሩቅ የሚያስነሡ አላርሞችም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣሉ፤ ገጣሚው ማገጃውን እንዴት እንዳለፈው ሳይጠይቁ ማስገጠም ጥበቃውን መሸጥ ሊሆን ይችላል።

የቺፑ ምስጢር ራሱም ዘላለማዊ አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የአርኤስኤ ኩባንያ ተመራማሪዎች የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባለ 40 ቢት ቺፕ ምስጢርን መፍታታቸውን አሳወቁ። በ2011 እ.ኤ.አ. የዙሪክ ተመራማሪዎች በኪስ እያለ በሩን የሚከፍተው ቁልፍ የሬዲዮ ምልክቱን በማራዘም ብቻ እንደሚታለል በ10 ሞዴሎች አሳዩ። ሆኖም ደካማም ቢሆን ማገጃ መኖሩ ከአለመኖሩ ምን ያህል እንደሚሻል በአሜሪካ በይፋ ታየ። ከ2011 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ የኪያና የሂዩንዳይ ሞዴሎች ማገጃ አልነበራቸውም። የስርቆቱ ዘዴ በማኅበራዊ መገናኛ ሲሰራጭ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ጭምር መኪኖቹ በገፍ ተሰረቁ፤ ሕጉ ማገጃ ባስገደደባት በጎረቤት ካናዳ ግን የእነዚሁ ኩባንያዎች መኪኖች ከዚህ ጣጣ ተርፈዋል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ አዲስ የሚገቡት ኤሌክትሪክ መኪኖች ቁልፍ ካርድ ወይም ስልክ እየሆነ ነው። ነገር ግን በቡና አገር መንገዶች ላይ ያሉት የቺፕ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት ይሠራሉ። ስለዚህ መኪና የሚገዛ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት ሁለቱንም ቁልፎች ይጠይቅ፤ እያንዳንዳቸው ሞተሩን እንደሚያስነሡ ራሱ ይሞክር፤ ዋናው የትኛው እንደሆነ ይለይ። አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው ደግሞ ያ ቁልፍ በእጁ ሳለ ሁለተኛውን አስቀርጾ ያስመዝግብ፤ ሁለተኛውንም መኪናው ውስጥ ሳይሆን ቤቱ ያስቀምጥ።